ምድር ቤቱ እስኪደርቅ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ

ወንድም ዓለሜ፣

በወጉ ቢሆን ሰላምታ ነበር የሚቀድመው። አንተ ግን «እንዴት ናችሁ» ሳትል ስለ ግድግዳው ስለጠየቅኸኝ እኔም ከግድግዳው ልጀምር። ግድግዳው ደህና አይደለም። እኛ ደህና ነን፤ እማዬ ጉልበቷን ከማማረሯ በቀር ደህና ናት፣ እኔም አልጋዬን ለደንበኞቼ ኮትና ቀሚስ ለቅቄ ልወጣ ምንም ባይቀረኝም ደህና ነኝ። ልብስ ሰፊ ሰው አንድ ክፍል ብቻ ሲኖረው እንዲህ ነው የሚሆነው።

በአትክልቱ በኩል ያለው የምድር ቤቱ ግድግዳ ከወለሉ እስከ ጉልበቴ ድረስ ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄት አውጥቷል። ስጠርገው ይረግፋል፣ በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። ይህ እንግዲህ በደረቁ ወራት ነው፤ ዝናብ ሲገባ ወለሉ ላይ ውሃ ይተኛል፣ እኔም ባልዲና መወልወያ ይዤ ደረጃውን ስወጣ ስወርድ እከርማለሁ። አባባ በሕይወት ሳሉ ያ ክፍል ረጥቦ አያውቅም። ከሞቱ በኋላ በመጣው በመጀመሪያው ዝናብ ነው የጀመረው። እማዬ «ግድግዳውም አዝኖ ነው» ትላለች። ቤቱን ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው በእጃቸው የገነቡት እሳቸው ናቸውና ቢያዝን አይፈረድበትም፤ አሁን ግን ሐዘኑ ቢበቃው ደስ ይለኛል።

የጻፍከውን ለእማዬ አነበብኩላት። የድልድዩ ሥራ ዝናቡ ሲበረታ እንደሚያልቅ፣ ኩባንያው ከዚያም ለሚርቅ ሌላ ድልድይ ሊያስፈርምህ እንደሚፈልግ፣ ምድር ቤቱ ከደረቀ ግን ሚስትህን ይዘህ መጥተህ እዚያ እንደምትኖሩ። ደጋግማ አስነበበችኝ። ሲያበቃ ተነሥታ የምድር ቤቱን መስኮት ለካችና መጋረጃ ስፊልኝ አለችኝ። እንግዲህ ያ ክፍል ካልደረቀ መጋረጃዋን ታቅፋ የምትቀረው እሷ ናት።

ስለ ሻጋታው ሽታ ሁለቴ ጠይቀኸኛል። አዎ፣ ይሸታል። አፍንጫህ ግን ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የተከበረው? በልጅነትህ ካልሲህን ትራስህ ሥር ወሽቀህ የምትተኛው አንተ አልነበርክም?

ስልክ የማይሠራበት ሸለቆ ውስጥ ድልድይ ሥራ ብሎ የመከረህን ሰው ባገኘው ደስ ባለኝ። የስንቅ መኪናችሁ ሾፌር በር ላይ ጥሩንባውን እየነፋ ነው፤ እዚህ ላይ ላብቃ።

እህትህ


ረቡዕ፣ ከድልድዩ ካምፕ

እታለሜ፣

ሰላምታ ዘለልክ ብለሽ ስለከሰስሽኝ ይኸው ከነመቀጮው፦ ለአንቺ፣ ለእማዬ፣ ለስፌት መኪናሽ፣ ለጎረቤታችን ድመት፣ በአትክልቱ ጫፍ ለአባባ መታሰቢያ ለሠራነው የድንጋይ አግዳሚ ሳይቀር ሰላም ይድረሳችሁ። የዘነጋሁት ካለ በሚቀጥለው እክሳለሁ።

በሾፌሩ በኩል «ሚስትህ ለምን ሁለት መስመር እንኳ አትጽፍልንም» ብለሽ ነበር። የካምፑ ነርስ እሷ ብቻ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ጣቱን የቀጠቀጠ ወይም ዓይኑ ውስጥ አቧራ የገባበት ሰው አይጠፋባትም። ሲመሽ ደግሞ ራቷን ሳትጨርስ እንቅልፍ ይጥላታል። ሙቀቱ ነው። ሾፌሩ ሲመለስ ሎሚ ብትልኪ ደግ ነው፤ በዛ ያለ።

ወደ ግድግዳው ልመለስ። የኔ ሥራ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ውሃን ማውጣት ነው። የድልድዩ እግር የሚቆምበት ጉድጓድ በየዕለቱ ውሃ ይሞላል፣ እኔም በየዕለቱ በፓምፕ አወጣዋለሁ። ስለዚህ ምክሬን እንደ ወንድም ሳይሆን እንደ ፓምፕ መካኒክ ስሚ። ከውሃ ጋር ውጭ ሜዳ ላይ መታገል አያስፈልግም፤ ከውስጥ ተቀብሎ መሸኘት ነው። በግድግዳው ሥር ወለሉ ይሰበር፣ የተበሳሳ ቱቦ በጠጠር ውስጥ ይቀበር፣ ውሃው ማእዘኑ ላይ ወዳለ ጉድጓድ ይውረድ፤ ከዚያ ፓምፑ ራሱ እየተነሣ ወደ ውጭ ይጥለዋል። ንድፉን አያይዤዋለሁ። ቀስቶቹ የውሃው መንገድ ናቸው፣ የሻይ ነጠብጣቡ ምንም አይደለም።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ሞክሪ። የመጽሐፍ ገጽ የሚያህል ላስቲክ ቁረጪና ዙሪያውን በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጥፊው። ከፊቱ ከረጠበ የክፍሉ ትንፋሽ ነው፣ መስኮት መክፈት ይበቃል። ከጀርባው ከረጠበ ግን ውሃው ከአፈሩ እየመጣ ነው።

አባባ ቢኖሩ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ይጨርሱት ነበር፤ ያቺንም ቃል ግን አያወጧትም። ዝም አይነቅዝም ባይ ነበሩ።

ወንድምሽ


ማክሰኞ፣ ሰማዩ ዳመን ብሎ

ወንድም ዓለሜ፣

ላስቲኩ ከጀርባው ረጥቧል። ጠብታው ሲንከባለል ይታያል። ስለዚህ መስኮት ከፍቶ መገላገል የለም።

ሎሚውን ሾፌሩ ያደርስልሃል። ለሙቀት መሆኑን ለእማዬ ስነግራት ፈገግ አለች፤ ቆየት ብላ ቢጫ ክር እንድገዛላት አዘዘችኝ። ለምን ብላት «ለጉልበቴ» አለችኝ።

ባለሙያዎቹን ጠርቻለሁ። መጀመሪያ የመጣው ቀለም ሻጩ ነው፤ እማዬ «ችግር የለም» ብላ ስም አውጥታለታለች። ግድግዳው ጨው አወጣ ስለው ችግር የለም፣ ወለሉ ላይ ውሃ ይተኛል ስለው ችግር የለም። ልዩ ቀለም ከውስጥ ሁለት እጅ ከተቀባ ውሃው ይመለሳል አለኝ። ወዴት ነው የሚመለሰው ብዬ ስጠይቀው ያን ጊዜ ብቻ ችግር የለም አላለኝም። ሲወጣ የቀለም ቆርቆሮውን የአባባ አግዳሚ ላይ ቢያስቀምጥ እማዬ በመስኮት አይታው ኖሮ እሱ የሰው መቀመጫ ነው ብላ አስነሣችው።

ቀጥሎ ባለ ፓምፑ መጣ። ንድፍህን አይቶ ሊስመው ምንም አልቀረውም። መብራት ቢጠፋስ አልኩት፤ ባትሪ አለ አለ። ባትሪው ቢያልቅስ አልኩት፤ እንግዲያ ባልዲ አለ አለኝ። የኛ ሰፈር መብራት መቼ እንደሚጠፋ ታውቃለህ፤ ሰማዩ ገና ሲያጉረመርም ነው። ፓምፕህ የሚሠራው ውሃ በሌለበት ቀን ብቻ ሊሆን ነው።

መጨረሻ ላይ አንድ ቆፋሪ መጣ። እንቁላል በእግሩ እስኪሄድ የሚጠብቅ ዓይነት ሰው ስለሆነ እማዬ «ቀስ በቀስ» ብላዋለች። የሱ ሐሳብ ከውጭ ነው። በግድግዳው ጥግ እስከ መሠረቱ ተቆፍሮ የተበሳሳ ቱቦና ጠጠር ከገባበት፣ መሬቱ ወደ አትክልቱ ጫፍ ቁልቁል ስለሆነ፣ ውሃው ያለ መብራት በራሱ እየሄደ ይወጣል ይላል። ልቤ ወደዚህኛው አድልቷል። ችግሩ መውጫው ነው። ዝቅ ያለው ቦታ አግዳሚው ያለበት ነው። እማዬ ይህን ስትሰማ «አግዳሚውን የነካ እኔን ነካ» አለች፤ ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እዚያው አግዳሚው ላይ አብረን ተቀመጥንና አንድ ነገር ነገረችኝ። አባባ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላቸውን ይዘው እዚያ ጫፍ ድንጋይ ላይ ይቀመጡ እንደነበር ታስታውሳለህ። እሷ በመስኮት «ግባ እንጂ፣ ትበሰብሳለህ» ስትላቸው እሳቸው «እሺ፣ አንዴ ልየው» ይሏት ነበር።

«እኔ ወሬ ስለማበዛ፣ ከኔ ሸሽቶ ነው» አለችኝ። «ይሁን፣ ደስ የሚለው እዚያ ከሆነ ብዬ ነው መታሰቢያውን እዚያው ያሠራሁለት።»

እየሳቀች ነው የነገረችኝ። እኔም አብሬ ልስቅ ሞከርኩ፤ አቃተኝ።

እህትህ


ሰኞ፣ ከካምፑ

እታለሜ፣

በንድፌ ጠርዝ ላይ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብለሽ ጽፈሽ የመለስሽልኝ ደርሶኛል። ስለ መብራቱ ልክ ነሽ ብዬ እንዳምን ሙያዬ አይፈቅድልኝም። አንዲት ትንሽ ፓምፕ በሾፌሩ ልኬልሻለሁ። እዚህ ተጥላ የነበረች ናት፤ ፈትቼ አድሼ፣ ቀለም ቀብቼ ሰው አድርጌያታለሁ።

እዚያው ጠርዝ ላይ ለምን እንዲህ ቸኮልክ ላልሽው፣ ኩባንያው መልሴን የሚፈልገው በወሩ መጨረሻ ነው። ምድር ቤቱ እስከዚያ ካልደረቀ ከመፈረም ሌላ መንገድ የለኝም፤ ቤት በሌለበት ሥራ መልቀቅ አልችልም። እኔ ብቻዬን ብሆን ከእንቁራሪት ጋርም እኖር ነበር። ሻጋታ ባለበት ክፍል ግን መኖር የማይችል ሰው አለ። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ፤ ሚስቴ አፌን እንድዘጋ አስምላኛለች።

እማዬን ሳሚልኝ። ከአባባ ጋር አላጣላትም፤ አግዳሚው ይቅር፣ ከውስጥ እንሥራው።

ወንድምሽ


ሐሙስ

ወንድም ዓለሜ፣

እኛ በጣም ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት። ፓምፗ ደርሳለች፣ ቀለሟ ያምራል። የጎረቤታችን ድመት ወልዳለች፣ እሷም ደህና ናት። ሌላ የሚጻፍ ነገር የለም። ስለ ምድር ቤቱ ገና እያሰብንበት ነውና ለኩባንያው መልስ ለመስጠት አትቸኩል። ሁሉም ደህና ነው።

እህትህ


እሑድ፣ ከካምፑ

እታለሜ፣

በዚያች ቁራጭ ደብዳቤ «ደህና» የሚለውን ቃል እንደ ጨው በትነሽዋል። ከቀኑ ጎን ደግሞ ሰማዩ የለም። ሰማዩ ምን እንደሚመስል ሳትነግሪኝ ደብዳቤ ጀምረሽ አታውቂም። ወረቀቱ ረጥቦ የደረቀ ነው፣ ሳሸተው ሻጋታ ሻጋታ ይላል። ዝናቡ ቀድሞ ገብቶ ምድር ቤቱን ውሃ ሞልቶታል ማለት ነው። መብራቱም ጠፍቷል፤ ፓምፗም በዚያ በሚያምር ቀለሟ ውሃው መሃል ቆማ ታይ ነበር። እውነቱን ጽፈሽ ብትልኪልኝ ይሻል ነበር። ይህን ስል እኔም የሸሸግኩት ነገር እንዳለ አልረሳሁም።

አሁን የሚያስቀውን ስሚ። ወይም የሚያስለቅሰውን፣ እኔ እስካሁን አልለየሁትም። ኩባንያው የምፈርምበትን ወረቀት ትናንት ሰጠኝ። ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ተስፋ ቆርጬ እስክሪብቶ ኪሴ ከተትኩና ጠዋት እንደ ልማዴ ወደ ጉድጓዱ ወረድኩ። እዚያ ባልዲ ደፍቼ እቀመጥና ከፓምፑ ቱቦ አፍ የሚወጣውን ውሃ አያለሁ። ውሃው ከመጣ ጉድጓዴ እየደረቀ ነው፤ ከቆመ የሆነ ቦታ ተደፍኗል። እንዲህ ተቀምጬ ሳለ ካፊያ ጀመረ። ሚስቴ ከክሊኒኩ በር ላይ «ግባ እንጂ፣ ትበሰብሳለህ» አለችኝ። እኔም «እሺ፣ አንዴ ልየው» አልኳት።

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የአባባ መሆኑ የገባኝ። ዝናቡ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ፤ ትንሽም አለቀስኩ።

እታለሜ፣ አባባ ከእማዬ ሸሽተው አልነበረም። ግንበኛ ዝናብ ላይ ተቀምጦ የሚያየው የሠራው ነገር እየሠራ መሆኑን ነው። ከመሬት በታች ክፍል ያለው ቤት የገነባ ሰው የውሃ መውጫ ሳያበጅለት አይቀርም። እሳቸው አልተናገሩም፣ እኛም አልጠየቅናቸውም። አግዳሚውን ስንሠራ በጋ ነበር። ሣሩ ውስጥ አንድ ቀዳዳ ነበር፤ እማዬ የአይጥ ነው ብላ ጮኸች፣ አንቺ ድንጋይ መረጥሽ፣ እኔ ሲሚንቶ አቦካሁ። ሦስታችን ተባብረን ጥርቅም አድርገን ደፈንነው። ከዚያ በኋላ በመጣው ዝናብ ግድግዳው አዘነ።

ወረቀቱን አልፈረምኩም፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ጠብቁኝ ብያቸዋለሁ። አንቺ ይህን ደብዳቤ እንዳለ ለእማዬ አንብቢላት። አግዳሚውን ላንሣው ብለሽ እንዳትጠይቂያት። አንብቢላትና ዝም በይ።

ወንድምሽ


ዓርብ፣ ሰማዩ ጠቁሮ፣ እኛ ግን ደስ ብሎን

ወንድም ዓለሜ፣

ይቅር በለኝ፣ ውሃ ገብቶ ነበር። በአንድ ዶፍ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ደረሰ፤ ተሰቅሎ የነበረው የእማዬ መጋረጃ ጫፉ ውሃ ጠጣ። ብነግርህ ትፈርማለህ ብዬ ፈራሁ። ስለ ፓምፗም አልተሳሳትክም፤ ውሃው መሃል እንደ ሙሽራ ቆማ ነበር።

እንዳልከው አነበብኩላትና ዝም አልኩ። «ከእማዬ ሸሽተው አልነበረም» ያልክበትን ቦታ እንደገና አንብቢልኝ አለች። ደገምኩላት። አንድ ጊዜ ጨምሪልኝ አለች፤ ጨመርኩላት። ከዚያ ተነሥታ ከአባባ የዕቃ ሣጥን መዶሻውን አወጣችና በዚያ በታመመ ጉልበቷ አትክልቱን ቁልቁል ወረደች። ቀስ በቀስን ልጥራው ስላት እሱ እስኪደርስ ዝናቡ ያባራል አለችኝ። የመጀመሪያውን እሷ መታች። ድንጋዩ ንቅንቅ አላለም፤ ሲሚንቶውን ያቦካኸው አንተ ስለሆንክ ይሆናል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራኸው ነገር ጠንክሮ አገኘሁት። ያም ሆኖ መዶሻውን እጄ አልሰጥም ብላ ቀስ በቀስ እስኪመጣ ስትደበድበው ቆየች።

አግዳሚው ሲነሣ ከሥሩ የሸክላ ቱቦ አፍ ብቅ አለ። ዙሪያው በተጠረበ ድንጋይ የተከበበ፣ ውሃው አፈሩን እንዳይሸረሽር ከፊቱ ጠፍጣፋ ድንጋይ የተነጠፈበት ነው። ማንም የማያየው ቦታ ላይ እንዲህ አሳምሮ የሚሠራ ሌላ ሰው አላውቅም። የደፈንንበትን ስናወጣለት መጀመሪያ ጥቁር ጭቃ ተፋ፣ ከዚያ ቡናማ ውሃ፣ ከዚያ ሌላ ውሃ እየቀጠነ እየጠራ መጣ። እማዬ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች።

«ይህ ሰው እዚህ ተቀምጦ ይጠብቀን ነበር» አለችኝ። «እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ዘመን በሆዴ አኩርፌው ኖሬያለሁ።»

አልቅሳ ሳትጨርስ ሳቀች፤ እኔም አብሬያት።

ከውስጥ ወይስ ከውጭ ያልነው ነገር ተፈጽሟል። ቀስ በቀስ ከውጭ ቆፈረ። በግድግዳው ጥግ የነበረው የአባባ ጠጠር በአፈር ስለተሞላ አውጥቶ፣ አዲስ የተበሳሳ ቱቦ በአዲስ ጠጠር ውስጥ ቀበረ፣ አፈር እንዳይገባበት በጨርቅ ሸፈነና ከአባባ ቱቦ ጋር አገናኘው። ከጣሪያው የሚወርደውን አሸንዳም ከግድግዳው እግር አራቅነው፤ ያንን ውሃ ራሳችን ነበርን ለግድግዳው ስናጠጣው የከረምነው። አግዳሚው ወደ ጎን ተተክሏል፣ የቱቦው አፍ ከተቀማጩ እግር ሥር ይታያል። ፓምፕህንም አልጣልኳትም፤ እንዳይከፋህ ለክፉ ቀን ማእዘን ላይ አስቀምጬልሃለሁ።

ከዚያ ወዲህ ብርቱ ዝናብ ዘንቧል። ወለሉ ላይ ጠብታ የለም። ላስቲኩን መልሼ ብለጥፈው ከጀርባው ገና ትንሽ ላብ አለው፤ ግድግዳው ውስጡ እስኪደርቅ ጊዜ ይፈልጋል ይላል ቀስ በቀስ። ሽታው ግን ለቅቋል። ሐዘኑን ፈጽሟል ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ተራው ያንተ ነው። የእማዬ ቢጫ ክር ኮፍያ ሆኖ አለቀ። ኮፍያው ጉልበቷ ላይም፣ ከቤታችን ሰው የማንም ራስ ላይም አይገባም።

እህትህ


ሐሙስ፣ ከካምፑ (ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ካንቺ ተምሬ)

እታለሜ፣

ሚስቴ ከመሐላዬ ፈትታኛለች። ኮፍያው ልክ ነው፤ የሚገባበት ራስ በመንገድ ላይ ነው፣ ከዝናቡ ማብቂያ በኋላ ይደርሳል። አስቀድሜ ያልነገርኳችሁ እማዬ ተስፋ አድርጋ፣ ክፍሉ ሳይደርቅ ቀርቶ፣ ልጁ ሌላ ሸለቆ ውስጥ እንዳይወለድባት ፈርቼ ነው። ለካ በሎሚው ደርሳበት ኖሯል።

ወረቀቱን ሳልፈርም መለስኩ። አለቃዬ እንዲህ ካለ ሥራ ምን አስለቀቀህ ቢለኝ ግድግዳ ደረቀ አልኩት፤ ትኩር ብሎ አይቶኝ ሄደ። በሚቀጥለው የስንቅ መኪና ሁለት ሆነን፣ ሲቆጠር ደግሞ ሦስት ሆነን እንመጣለን። ፓምፗን ማእዘን ላይ ስላኖርሽልኝ አመሰግንሻለሁ። መካኒክም ልብ አለው።

ወንድምሽ


እሑድ፣ ዝናቡ አሁን ገና ማባራቱ ነው

ልጄ፣

እጁ የእህትህ ነው፣ አፉ ግን የኔ ነው። አጭር አድርጊው እያለች ትነዘንዘኛለች። (ይህን አልጽፍም ብያት ነበር፤ ጻፊ አለችኝ።)

ደብዳቤህን ሰምቼ ፈጣሪን አመስግኛለሁ። ለሚስትህ ጥድፊያው ይቅርብሽ፣ እቃ እንዳታነሺ በልልኝ። ሎሚ ያማራትን ሴት ሙቀት ነው ብለህ ልታታልለኝ መሞከርህን ስትመጣ እንነጋገርበታለን። እኔም አንተን ሳረግዝ ሎሚ ነበር።

መጋረጃውን አጥቤ ሰቅዬዋለሁ። አልጋችሁን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጌዋለሁ፣ ግድግዳው ይተንፍስ ብሏል ቀስ በቀስ። ችግር የለም ደግሞ በመንገድ ሲያልፍ አይቶ ሰላም አለኝ፤ አግዳሚው ላይ ትንሽ ልረፍ ቢለኝ ቆርቆሮ እስካልያዝክ ድረስ ተቀመጥ አልኩት።

ትናንት ብርቱ ዝናብ ነበር። የአባትህን ጃንጥላ ይዤ ወረድኩና አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ውሃው ከቱቦው እየወጣ ድንጋዩ ላይ ይፈሳል፤ ድምፁ ደስ ይላል። ላዳመጠው ሰው ቤቱ ደህና መሆኑን ይነግረዋል። ያን ሁሉ ዘመን አብሬው ወርጄ አንድ ቀን እንኳ ከጎኑ አለመቀመጤ ነው የቆጨኝ።

እንዲህ ሳስብ እህትህ በመስኮት ብቅ ብላ «እማዬ፣ ግቢ እንጂ፣ ትበሰብሻለሽ» አለችኝ።

«እሺ፣ አንዴ ልየው» አልኳት።